«ሴራ» ማለት ተራራ ነው፦ የእግር ጉዞና የካርታ ንባብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበቡ ዘንድሮ 24 አባላት ይዞ ዘወትር ረቡዕ ከትምህርት በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሠራ ቆይቷል። ሥራው አንድ ብቻ ነበር፦ በመካከለኛው ፖርቱጋል ያሉ የገጠር የእግር መንገዶችን ከካርታና ከመንገድ መረጃ ወረቀት አጥንቶ፣ አገሩን የማያውቅ ሰው ይዞት ቢወጣ በሰላም የሚመልሰው የጉዞ ሉህ በአማርኛ ማዘጋጀት። ወደዚያ የሄደ አባል የለም፤ ዕቅዱም አልነበረም። ፖርቱጋል የተመረጠችው መንገዶቿ በአንድ ወጥ ምልክት ስለተሠሩና ማዘጋጃ ቤቶቿ የየመንገዱን ርዝመት፣ ዳገትና ቁልቁለት የሚያሳይ ወረቀት በነፃ ስለሚያወጡ ነው። ድንጋዩም ሌላ ምክንያት ነው። በዐባይ ሸለቆ፣ በመቀሌ ዙሪያና በሶፍ ዑመር ዋሻ የምናውቀው የኖራ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን በባሕር ሥር የተነባበረ ነው፤ በፖርቱጋል ያሉት የአይሬና የካንዴይሩሽ ተራሮች ድንጋይም የዚያው ዘመን ልጅ ነው።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ይነገር። በፖርቱጋልኛ «ሴራ» የተራራ ሰንሰለት ነው፤ መጋዝንም በዚሁ ቃል ይጠሩታል፣ ጥርሱ ስለሚመስል። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «የካንዴይሩሽ ሴራ» የሚል ጽሑፍ አይተው የደነገጡ ካሉ ይረጋጉ። «አልጋር» ደግሞ አልጋ አይደለም፤ ቀጥ ብሎ ወደ መሬት ሆድ የሚወርድ ጉድጓድ ነው፤ ካርታው ላይ ይህ ቃል ባለበት አካባቢ ከመንገዱ መውጣት አይገባም። «ቫል» ሸለቆ፣ «ሪቤይራ» ጅረት፣ «ፎንት» ምንጭ ነው። እነዚህን የያዘ ሰው ካርታውን ግማሽ በግማሽ ያነበዋል።

የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት በመለካት አለፈ። አባላቱ የለመዱት መስፈርቱ 1፡50,000 የሆነውን የአገራችንን ካርታ ነው፤ በእሱ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ነው፣ በሁለት ኮንቱር መስመሮች (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙ መስመሮች) መካከል ያለው የከፍታ ልዩነትም 20 ሜትር። የፖርቱጋል ጦር ሠራዊት የካርታ ተቋም የሚያወጣው ግን 1፡25,000 ነው፦ 4 ሳንቲ ሜትር ለ1 ኪሎ ሜትር፣ የኮንቱር ልዩነት 10 ሜትር። በለመዱት መስፈርት የለኩ ቡድኖች 9 ኪሎ ሜትሩን 18፣ የ300 ሜትሩን ዳገት 600 አደረጉት። ርዝመቱም ዳገቱም እኩል እጥፍ ስለሚሆኑ የተዳፋቱ መጠን አይለወጥም፤ ሥዕሉ ትክክል ይመስላል። ስሕተቱ ለሦስት ሳምንት ሳይያዝ የቆየው ለዚህ ነው። አሁን እያንዳንዱ ሉህ ከላይ መስፈርቱንና የኮንቱሩን ልዩነት ሳይጽፍ አይጀመርም፤ ከመለካት በፊትም አንድ የካርታ ሳጥን 1 ኪሎ ሜትር መሆኑ በማስመሪያ ይረጋገጣል። ርዝመት የምንለካው በክርና በመርፌ ነው። ክር ጠመዝማዛውን እየቆረጠ ስለሚያልፍ ውጤቱ ላይ ከመቶ 10 እንጨምራለን።

ምልክቶቹ ቀላል ናቸው፤ ግን በግምት አይነበቡም። አጫጭር መንገዶች፣ ማለትም እስከ 30 ኪሎ ሜትር ያሉት፣ ቢጫ ከላይ ቀይ ከታች ሆነው በሁለት አግድም መስመሮች ይቀባሉ። ከዚያ የሚረዝሙት ነጭና ቀይ ናቸው። ሁለት መስመር ከሆነ «ቀጥል» ማለት ነው፤ ቀስት ከተጨመረበት «ታጠፍ»። የተጠላለፈ የመስቀል ምልክት ሲሆን «በዚህ በኩል አይደለም» ማለት ነው። አብዛኞቹ አባላት መስቀሉን «ክልክል» ብለው ተርጉመውት ነበር። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፦ «ክልክል» ያለ ሰው ፊቱን አዙሮ ወደ መጣበት ይመለሳል፤ «በዚህ በኩል አይደለም» ያለ ግን ሌላውን ቅርንጫፍ ይፈልጋል። በሉሁ ላይ ያሰፈርነው ደንብ ይህ ነው፦ 10 ደቂቃ ሄዶ ምልክት ያላየ ሰው ወደ መጨረሻው ምልክት ይመለስ፤ አቋራጭ አይፈልግ።

ከሁሉ የከበደው ግን የወቅት ጉዳይ ነበር፤ ጥፋቱም የቋንቋችን ነው። መጽሐፍ ላይ «ክረምት» የሚለውን የአውሮፓ ወቅት ስናነብ አእምሯችን ወደ ሐምሌ ይሮጣል። አንድ ቡድን «ሚንድ» የተባለውን ሜዳ ለሚያቋርጥ መንገድ «በሐምሌና በነሐሴ ክረምት ስለሆነ አትሂዱ፤ ታኅሣሥና ጥር ደረቅ ናቸው» ብሎ ጻፈ። ነገሩ ፍጹም ተገላቢጦሽ ነው። በዚያ አገር ዝናቡ በብዛት ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ይወርዳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደረቅና ትኩስ ናቸው። ሚንድ ደግሞ ዙሪያውን በተራራ የተከበበ፣ የወንዝ መውጫ የሌለው ጎድጓዳ ሜዳ ነው። ብዙ ሲዘንብ የመሬት ውስጥ ውኃው በጉድጓዶቹ ወደ ላይ ይወጣና ሜዳው ሐይቅ ይሆናል፤ ዝናቡ ሲያባራ በነዚያው ጉድጓዶች ተመልሶ ይሰርጋል። በታኅሣሥ የተላከ መንገደኛ መንገዱን የሚያገኘው ከውኃ በታች ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሉሆቻችን ላይ «ክረምት» የሚል ቃል የለም፤ የወር ስም ብቻ ነው የምንጽፈው። የምንመክረው ሚያዝያና ግንቦትን፣ ከዚያም ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ነው።

የቀኑ ርዝመትም እንዲሁ አታለለን። እኛ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ ሳትርቅ ትወጣለች፣ ትጠልቃለች። በመካከለኛው ፖርቱጋል በታኅሣሥ አጋማሽ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም፦ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ሊሆን ሲል ወጥታ ከቀኑ 11 ሰዓት ከሩብ ገደማ ትጠልቃለች። በሰኔ አጋማሽ ደግሞ የምትጠልቀው ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ የ7 ሰዓት ጉዞ በሰኔ ከቀትር በኋላም ይጀመራል፤ በታኅሣሥ ግን ከረፈደ ከተነሱ የመጨረሻው ቁልቁለት በጨለማ ይወረዳል።

የኖራ ድንጋይ ኮረብታ ሌላው ወጥመዱ ውኃ ነው። የዝናብ ውኃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ቀላል አሲድ ይሆናል፤ በስንጥቁ እየገባ ድንጋዩን ያሟሟል፣ ስንጥቁም ቧንቧ ይሆናል። ስለዚህ ላይኛው መሬት ይደርቃል፤ ወንዙ ከሥር ይሄዳል። ካርታ ላይ ሸለቆ ሲያዩ ጅረት አለ ብለው «ውኃ እዚህ ይሞላል» ብለው የጻፉ ቡድኖች ሁሉ ተሳስተዋል፦ ሸለቆው አለ፣ ውኃው የለም። የገጠሩ ሰው የዝናብ ውኃ በጉድጓድ ሲያጠራቅም የኖረው ለዚህ ነው። ውኃው ብቅ የሚለው በተራራው ግርጌ ነው፤ ያን ጊዜም በጅረት መልክ ሳይሆን በወንዝ መልክ። የአልቪዬላ ምንጭ እ.ኤ.አ. ከ1880 ጀምሮ ለሊዝበን ከተማ ውኃ ሲሰጥ ነበር። የናባውን ወንዝ በደረቁና በትኩሱ ወራት ላይኛው ክፍሉ ሲደርቅ ሕይወት የሚዘራበት የአግሮዋል ምንጭ ነው። በሉሁ ላይ የሰፈረው ልክ፦ በሚያዝያ ለአንድ ሰው ለአንድ ሰዓት ግማሽ ሊትር፣ በሙቀት ወር ሦስት ሩብ ሊትር፤ ሁሉም ከመነሻው ተይዞ።

እግር የሚረግጠውም ቦታ ይለያል። ውኃ የቦረቦረው ድንጋይ «ላፒያሽ» ይባላል፤ ጠርዙ እንደ ቢላ ነው፣ በመካከሉ እግር የሚይዝ ስንጥቅ አለ። በጎድጓዳው ውስጥ ቀይ ሸክላ አፈር ይጠራቀማል፤ እርሻው፣ ወይራውም እዚያ ነው። ሲዘንብ ይህ አፈር ከጫማ ሥር ተጣብቆ፣ የለሰለሰውን ድንጋይ ሲረግጡ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ወደ ሰሜን የሚያይ ተዳፋት ፀሐይ ስለማያገኝ የባሰ ነው። በየማሳው የቆመው ያለ ጭቃ የተደረደረ የድንጋይ አጥር የኮንሶን እርከን ያስታውሳል፤ ነገር ግን ዓላማው ይበልጥ መሬቱን ከድንጋይ ማጽዳትና ማጠር ነው። ሊዘሉት ሲደገፉበት ይናዳል፤ በር ባለበት በኩል ማለፍ ይሻላል።

ድንጋዩን ለመለየት ከኬሚስትሪ ክፍል በተሰጠን የተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፈተና አድርገናል። ጠብታው የኖራ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ይፈላል። ከግቢያችን የተለቀመ ጥቁር ድንጋይም ስለፈላ ጥቂቶች «አዲስ አበባ የኖራ ድንጋይ ናት» ብለው ደምድመው ነበር፤ የፈላው በስንጥቁ ውስጥ ያለው ነጭ ካልሳይት (የኖራ ድንጋይ ማዕድን) ነው እንጂ ጥቁሩ ድንጋይ፣ ባዛልቱ፣ አይደለም። ፈተናው አዲስ በተሰበረ ፊት ላይ ይደረግ፤ መነጽርና ጓንት የግድ ነው።

ከወንዝ ሸለቆዎቹ የያዝነው ዜዘርን ነው። ከኢሽትሬላ ተራራ ተነሥቶ ኮንሽታንሲያ ላይ ቴዡ ወንዝ እስኪቀላቀል ድረስ 370 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ረጅም የእግር መንገድ ይከተለዋል፤ ቁጥሩ 33 ነው። ድንጋዩ እዚህ በብዛት እንደ ኖራ ድንጋይ በውኃ የማይሟሙት ግራናይትና ሺስት ስለሆነ ውኃው በመሬቱ ላይ ይፈሳል፤ ሥጋቱ እሳት ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2017 በፔድሮጋውን ግራንድ አካባቢ የተነሣው ቃጠሎ 66 ሰው ገድሏል። አካባቢው በጥድና በባሕር ዛፍ የተሸፈነ ነው፤ ባሕር ዛፍ እንዴት እንደሚነድ ለእኛ ተማሪ ማስረዳት አያስፈልግም። የሚላጠው ቅርፊት እየነደደ በነፋስ ርቆ ይሄዳል፤ ስለዚህ እሳት ከመንገደኛው ኋላ ብቻ ሳይሆን ፊት ለፊትም ይነሣል። የቃጠሎ ሥጋት ከፍ ባለበት ቀን ወደ ጫካ መግባት ሊከለከል ስለሚችል፣ ከመነሣት በፊት የዕለቱን ማስታወቂያ ማየት የሉሁ የመጀመሪያ መስመር ነው። በተቃጠለ ቦታ ዛፍ ላይ የተቀባ ምልክት አብሮ ይጠፋል፤ የአደጋ ስልክ 112 ነው። በአደን ወራት ሐሙስ፣ እሑድና የበዓል ቀን አዳኞች ስለሚወጡ ደማቅ ቀለም ያለው ሰደርያ ይለበስ።

ጊዜ የምናሰላው እንዲህ ነው። መንገዱ 12 ኪሎ ሜትር፣ ዳገቱ በድምሩ 480 ሜትር ይሁን። በተለመደው ስሌት በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር፣ ለ600 ሜትር ዳገት 1 ሰዓት ስንጨምር 3 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይወጣል። ይህ ለላፒያሽ አይሠራም። ከ12ቱ 4 ኪሎ ሜትር ላፒያሽ ከሆነ፣ እሱን በሰዓት 3፣ የቀረውን 8 በሰዓት 4 እናሰላዋለን፦ 1 ሰዓት ከ20፣ 2 ሰዓት፣ ለዳገቱ 48 ደቂቃ፤ ድምሩ 4 ሰዓት ከ8 ደቂቃ። በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ዕረፍት ሲጨመር 4 ሰዓት ከ50 ገደማ ይደርሳል። ውኃውም በዚሁ ነው የሚሰላው፤ በሙቀት ወር 3 ሊትር ተኩል ከፍ ያለ ሸክም ነው፣ ቢሆንም ይያዝ።

በዓመቱ መጨረሻ 6 ሉሆች ተጠናቀዋል፤ 2 ውድቅ ሆነዋል፣ የውኃ ነጥባቸው በካርታ ሊረጋገጥ ስላልቻለ። አንደኛው በፋጢማ ከተማ አቅራቢያ ባለ አሮጌ የድንጋይ ካባ ውስጥ የዳይኖሰር ዱካ ያለበትን ቦታ ይይዝ ነበር፤ አንዱ ዱካ ብቻውን 147 ሜትር ይሄዳል። ሉሁ በመውደቁ ያዘኑ አሉ፤ መጣሉ ግን ትክክል ነበር። የተጠናቀቁት በቤተ መጻሕፍቱ የጂኦግራፊ መደርደሪያ በሰማያዊ ፋይል ተቀምጠዋል። ክሩ፣ መርፌዎቹና ማስመሪያዎቹ በክበቡ ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ አሲዱ ለኬሚስትሪ ክፍል ተመልሷል። በመስከረም የሚመዘገቡ አዲስ አባላት ከሚንድ ሉህ ይጀምራሉ፤ የተሳሳተውና የታረመው ጎን ለጎን ተጣብቀዋል።