የሳቢያኑን ቤት ለምን እንደተውነው

ለልጄ፣

ባለፈው እሁድ በስልክ «እማ፣ የራሳችን ቤት እያለን ለምን አንድ ክፍል ተከራየን?» አልሽኝ። መስመሩ ሲቆራረጥ «ሌላ ቀን እነግርሻለሁ» ብዬ ዘጋሁት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ባይቆራረጥም እዘጋው ነበር። በስልክ የሚያልቅ ወሬ አይደለም።

2008 ነው። አንቺ 11 ዓመትሽ፣ ወንድምሽ 7። ማጅራት ገትር ጆሮውን ከወሰደው አምስት ዓመት ሆኖታል። ጠበሉም፣ ሐረር ሐኪም ቤት መመላለሱም አልፏል። የቀረን ትምህርቱ ነበር።

ሰፈራችን ሳቢያን ያለው ትምህርት ቤት በደስታ ተቀበለው። ዳይሬክተሩ «ከፊት እናስቀምጠዋለን፣ አታስቢ» አለኝ። (ድሬዳዋ ላይ አንቱታ የት አለና።) እኔም አላሰብኩም። ደብተሩ ደግሞ ያምር ነበር፤ እጅ ጽሑፉ ካንቺ ይሻላል፣ አትቆጪ። አንድ ማታ ስገልጠው ከሳይንስ ኖቱ ሥር የስድስት ልጆች ስም በቁጥር ተደርድሯል። የክፍል አለቃው ሰሌዳ ላይ የጻፈው የረባሾች ስም ነው። ልጄ ትምህርት መስሎት ገልብጦታል፤ በማስመሪያም አስምሮበታል። አራተኛው የራሱ ስም ነበር። ሲስቅ ድምፁ እንዴት እንደሚወጣ ታውቂያለሽ።

ያን ሌሊት እኔም አባትሽም አልተኛንም።

አክስትሽ «መካኒሳ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት አለ፣ እኔ ጋ ይሁን» ብላ ነበር። የአባትሽ ልብ ሄዶ ነበር። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለክረምት ሲመጣ እኛ የማናውቀውን ቋንቋ ይዞ ይመጣል። እሱ ያወራል፣ እኛ አፋችንን ከፍተን እናየዋለን። በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል። ዛሬም ድረስ «ተሳስተሻል» የሚሉኝ አሉ፤ ይበሉ።

ስለዚህ ድሬን በእግሬ ዞርኩት። በ1986 የወጣው የትምህርት ፖሊሲም፣ በ1998 ለልዩ ፍላጎት ትምህርት ብቻውን የወጣው ስትራቴጂም እነዚህ ልጆች ይማሩ ይላል። ጥሩ ወረቀት ነው። እኔ ግን በየበሩ የምጠይቀው ሌላ ነበር፤ አስተማሪው በምልክት ያወራል ወይ? እንደሱ ያሉ ልጆችስ ስንት ናቸው? የመጀመሪያውን ብዙዎቹ «እናሠለጥናለን» ብለው ያልፉታል። ሁለተኛውን ለምን እንደምጠይቅ እንኳ አይገባቸውም። ልጅ ቋንቋ የሚማረው ከልጅ ነው። አንቺ አማርኛን ከእኔ ብቻ ተማርሽ እንዴ?

በከዚራ በኩል ልዩ ክፍል ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት አገኘሁ። የደረስነው በእረፍት ሰዓት ነው። አጥሩ ሥር አሥር የሚሆኑ ልጆች ክብ ሠርተው ይጨቃጨቃሉ፣ በእጃቸው። ወንድምሽ እጄን ለቀቀ።

«ከሳቢያን በባጃጅ ይመላለስ» የሚል ሐሳብም መጥቶ ነበር። ጥሩምባ የማይሰማ ልጅ በድሬ ባጃጅ መሀል! ደቻቱ ወንዝ ዳር ደግሞ ርካሽ ሰፊ ቤት ተገኘ። አባትሽ አየውና ሳይገባ ተመለሰ። የ1998ቱ ጎርፍ የመጣው በሌሊት ነው፤ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። ጩኸት ሰምተው ሮጠው የተረፉ አሉ። ያንቺ ወንድም ምን ሰምቶ ይሮጣል?

እንዲህ ነው ግቢያችንን አከራይተን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለችው አንድ ክፍል ውስጥ የገባነው። ግቢያችን ባለችው የኒም ዛፍ ሥር ምንጣፍ ዘርግተን ማደር ቀረ። ግንቦት ላይ በዚያ ቆርቆሮ ሥር አራት ሆነን ስንጋገር አንድ ቀን አላማረርሽም። እሱ ነው ዛሬ የሚቆጨኝ።

ምልክቱን ከሁላችን ቀድመሽ ያዝሽው። የእጅ ፊደሉን በሳምንት ጨረስሽ። የእጁ ቅርጽ አንድ ሆኖ ግዕዙን ከካዕቡ የሚለየው የእጁ እንቅስቃሴ መሆኑን ያስረዳሽኝ አንቺ ነሽ። እኔ «ሉ»ን እና «ሊ»ን እያምታታሁ ስንት ጊዜ ሳቃችሁብኝ! ከዚያ ሥራው ሁሉ ያንቺ ሆነ። ሱቅ አንቺ፣ የወላጅ ስብሰባ አንቺ። 12 ዓመትሽ ላይ ለሐኪም ስለ ወንድምሽ ሆድ ድርቀት ስታስተረጉሚ ጆሮሽ ድረስ ቀልተሽ ነበር። እኔ አጠገብሽ ቁጭ ብያለሁ። መማር እችል ነበር፤ አንቺ ስላለሽ ሰነፍኩ። ቤቱን ስመርጥም ለእሱ ነው የመረጥኩት። አንቺን ማንም አልጠየቀሽም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ጉዳይ መጣ። የሳቢያኑ ተከራይ ሰኔ ላይ ይለቃል። አባትሽ «ልጁ 9ኛ ክፍል ደርሷል፣ በቃ እንመለስ» ይላል። እኔም ኒሟ ናፍቃኛለች።

ትናንት ወንድምሽን ጠየቅኩት፣ በገዛ እጄ። መጀመሪያ ሳቀ፤ አንዱን ቃል አበላሽቼ መሰለኝ። እሱና ጓደኞቹ ማታ ማታ የት እንደሚያመሹ ታውቂያለሽ፣ ከበራችን ፊት ያለው የመንገድ መብራት ሥር ነው። መብራት ሲጠፋ ወሬያቸው መሀል ላይ ይቋረጣል፤ አንዱ የስልኩን መብራት አብርቶ የሌላውን እጅ ያያል። ትንሽ አሰበና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ «የሳቢያኑ በራችን ላይ የመንገድ መብራት አለ?»

አላስታወስኩም። አባትሽ ቅዳሜ በማታ ሄዶ ሊያይ ነው። አንቺስ ታስታውሻለሽ?

እናትሽ