ሶዶ ስትደርስ የምታነበው

ልጄ፣ የኔ ጌታ፣ እንዴት ነህ። ይሄን ደብዳቤ ሻንጣህ ውስጥ ከፎጣው ስር ነው የማስቀምጥልህ፣ ሶዶ ገብታችሁ ማታ ልብስ ስታወጣ ታገኘዋለህ ብዬ። በቴክስት ልልክልህ አስቤ ነበር ግን ቴክስት ቶሎ ታነብና ቶሎ ትረሳዋለህ፣ ይሄ በአማርኛ ስለሆነ ቀስ ብለህ ነው የምታነበው፣ ያ ቅዳሜ ቅዳሜ ቸርች ቤዝመንት ውስጥ እያለቀስክ የተማርከው ፊደል ዛሬ ይጠቅምሃል። ያልገባህ ቃል ካለ ፓስተርን ጠይቀው፣ መጨረሻ ላይ ያለውን ግን ለብቻህ አንብበው።

እራት ላይ ሆነህ "ዘንድሮ የዩዝ ሚሽን ትሪፓችን ወላይታ ነው" ስትለኝ ለምን ዝም እንዳልኩ አልነገርኩህም። አንተ ስለ ገንዘቡ መስሎህ "ማሚ አታስቢ፣ መኪና አጥበን ፈንድሬይዝ እናረጋለን" አልከኝ። ገንዘቡ አልነበረም። ቀጠልክና "የዝሆኔ በሽተኞች እግር ነው የምናጥበው" ስትል ነው ሳህኑን ይዤ ወደ ኪችን የሄድኩት፣ ቧንቧውን ከፍቼ ቆሜ አለቀስኩ፣ አንተ እቃ የማጥብ መስሎህ ነበር።

አክስቴን አታውቃትም፣ አንተ ሳትወለድ ነው ያረፈችው። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፣ እናቴ ገበያ ስትውል እኔን የምትይዘኝ እሷ ነበረች፣ ቆጮ አብስላ ጎደሬ ቀቅላ የምታበላኝ እሷ፣ ማታ ማታ የጸሎት ዜማ እያንጎራጎረች የምታስተኛኝም እሷ። ዕድሜ ልኳን በባዶ እግሯ ነው ማሳ ውስጥ የሰራችው። እግሯ ማበጥ የጀመረው ካንተ ትንሽ ከፍ ስትል እንደሆነ ነግራኛለች፣ መጀመሪያ ማታ ማታ ያቃጥላት ያሳክካት ነበር፣ ከዛ የእግሯ ጀርባ አበጠ፣ ከዛ እስከ ጉልበቷ ወጣ፣ ባሏ ጥሏት ሄደ። እኔ ሳውቃት ቆዳዋ የዛፍ ቅርፊት መስሎ ነበር፣ በጣቶቿ መሃል እርጥብ ነው፣ ሽታ አለው። አንዳንዴ ትኩሳት ይነሳባትና ብርድ ብርድ እያላት ብሽሽቷ አብጦ ለቀናት ትተኛለች። እሁድ ቸርች ሰው ሳይመጣ በጠዋት ሄዳ በሩ ጥግ ትቀመጥና ሁሉም ወጥቶ ካለቀ በኋላ ነበር የምትነሳው፣ ስትራመድ ማንም እንዳያያት። እኔ ልጅ ሆኜ ጸሎት ስለምትወድ ነበር የሚመስለኝ።

ሰው ያላለው ነገር አልነበረም። እባብ ረግጣ ነው ያለ አለ፣ መተት ነው ያለ አለ፣ ዘራቸው ነው እያለ ከቤታችን ልጅ የማያጋባም ነበር። ለዚህ ነው እኔም የደበቅኳት። የአባትህ ሽማግሌዎች ከአዲስ አበባ ሲመጡ፣ ሰርጉም ቀን፣ አክስቴ ጓዳ ተዘግቶባት ዋለች። በር የዘጉት ሌሎች ናቸው ግን እኔ አውቅ ነበር፣ በቬሎ ሆኜ በጓዳው በር አጠገብ ሳልፍ ስታጨበጭብ ሰምቻታለሁ። ውስጥ ብቻዋን ሆና እያጨበጨበችልኝ ነበር። ለአባትህ እስከ ትናንት ማታ ድረስ አልነገርኩትም ነበር፣ ትናንት ነገርኩት፣ ዛሬ ላንተ ጻፍኩት።

እዚህ ሀገር መጥቼ ሲኤንኤ፣ የነርስ ረዳት ማለት ነው፣ ሆኜ 17 ዓመት የሰው እግር ሳጥብ ኖርኩ። ውሃውን በእጄ አንጓ ለክቼ፣ ፎጣ አንጥፌ፣ የማላውቃቸውን የሽማግሌዎችና የአሮጊቶች እግር አጥቤ በሎሽን አሽቼ ካልሲ አልብሼ ነው ወደ ቤት የምመጣው። የአክስቴን እግር ግን አንድ ቀን አጥቤ አላውቅም። ስታርፍ ወረቀቴ ስላላለቀ ለቀብሯም አልሄድኩም። አንተ አሁን ልታደርገው የምትሄደው ነገር ምን እንደሆነ እንድታውቅ ብዬ ነው ይሄን ሁሉ የምጽፍልህ።

ከነገርከኝ በኋላ ቁጭ ብዬ ስለ በሽታው አነበብኩ። ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ነው አሉ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኧርነስት ፕራይስ የሚባል ሐኪም ኢትዮጵያ ውስጥ ሲመረምር ነገሩ ከቀይ አፈር ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳየ። አፈሩ ከጥንት እሳተ ገሞራ የመጣ ነው፣ ደቃቁ ብናኝ ባዶ እግር ቆዳ ውስጥ ይገባና ሊምፍ የሚባለውን ፈሳሽ የሚያስተላልፉትን ቀጫጭን ቱቦዎች ያበላሻል፣ ፈሳሹ መመለሻ ሲያጣ እግር ያብጣል። ትል አይደለም፣ ጀርም አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። አንድ ቤት ውስጥ የሚደጋገመው አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው አፈሩን ስለማይችል ነው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ አርጎ እግሩን እየታጠበ ያደገ ሰው ግን ይተርፋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ወደ 1.5 ሚሊዮን ሰው ይሄ በሽታ እንዳለበት ይገመታል። አክስቴ በሕይወት እያለች መልሱ ታውቆ ነበር ማለት ነው ልጄ፣ እኛ ቤት ብቻ አልደረሰም። ይሄን ሳነብ በጣም ነው የተናደድኩት፣ በማን እንደምናደድ ግን ግራ ገባኝ።

አሁን ስለ እጥበቱ ልንገርህ፣ ሐኪሞቹ ያሳዩሃል ግን እኔም የማውቀው አለ። እግሩ በንጹህ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፣ ከዛ ጥቂት በረኪና የተቀላቀለበት ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ከዛ ይደርቃል፣ በተለይ በጣቶቹ መሃል እርጥበት እንዳይቀር፣ ከዛ ቫዝሊን፣ ካስፈለገ ባንዴጅ፣ ከዛ ካልሲና ጫማ። ሲቀመጡ እግራቸውን ከፍ ማድረግ አለባቸው። በቃ ይሄው ነው፣ ምስራቅ ጎጃም ላይ በተደረገ ጥናት ይሄ ቀላል እንክብካቤ ያ ትኩሳት የሚያስተኛቸውን ቀን እንደሚቀንስ ታይቷል። ጓንት ካስደረጉህ ለቁስሉ ንጽህና ብለው ነው እንጂ እንዳይዝህ አይደለም፣ ይሄን እወቅና እጅህ አይፍራ። ከመንካትህ በፊት ተናገር፣ "አሁን ላነሳው ነው እሺ?" በል። ዝቅ ብለህ መሬት ላይ ቁጭ በል እንጂ ጎንበስ ብለህ አትጠብ፣ ጎንበስ ያለ ሰው ለመሄድ የቸኮለ ይመስላል። ሽታው ይመጣል። ፊትህን አትቋጥር፣ እነሱ የሚያዩት እግራቸውን አይደለም፣ ያንተን ፊት ነው።

ግን ይሄ ነገር በየቀኑ ነው የሚሰራው፣ ዕድሜ ልክ ነው። ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ አንዷን ሴትዮ አንዴ ወይ ሁለቴ ብታጥቧት ነው፣ የቀረውን ቀን ሁሉ እሷ ናት የምትታጠበው፣ አጠገቧ ሆና የምትከታተላትም የዛው ሰፈር ልጅ ናት። ስለዚህ ጠይቅ ልጄ። ውሃ ከየት ነው የሚመጣው በል፣ ምክንያቱም በዛ ባበጠ እግር ጀሪካን ተሸክማ ዳገት የምትወጣ አለች። ሳሙና በወር ስንት ያስፈልጋታል፣ በረኪና ሲያልቅ ማን ይገዛል በል። ክሊኒኩ ውስጥ ከሚሰሩት መሃል ድሮ ራሳቸው ታመው የነበሩ ካገኘህ እነሱን እንደ አስተማሪህ ተከተላቸው፣ "እኛ አሜሪካ እንዲህ ነው የምናደርገው" እንዳትል። ስትመለሱ ለቸርች ሪፖርት ስታቀርቡ ስላይዱ ላይ የሳሙናው ሂሳብ ይኑር፣ የአንድ ዓመቱ፣ እኔ ከደሞዜ በየወሩ አወጣለሁ ብያለሁ፣ ሌሎቹም እናቶች እሺ ብለዋል።

ይሄን የምልህ ያየሁት ስላለ ነው። ስምንተኛ ክፍል እያለሁ ከውጭ የመጡ እንግዶች ጫማ ያድላሉ ተባለና አክስቴ ሌሊት ተነስታ ሄደች፣ እስከ ከሰዓት ተሰልፋ ዋለች። ተራዋ ሲደርስ እሷን የሚገባ ጫማ አልነበረም፣ ሁሉም የጤነኛ እግር ልክ ነው። ስሟ ሊስት ላይ ስላለ ብቻ አንድ ጥንድ ሸራ ጫማ ሰጧትና ፎቶ ስለሚነሱ ትንሽ ወደ ጎን ሁኚ አሏት። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፣ ከሩቅ ነው የመጡት፣ ልባቸውም ጥሩ ነበር፣ ግን የማን እግር እንደሆነ የጠየቀ የለም። እሷ ጫማውን በነጠላዋ ቋጥራ መጥታ ለኔ ሰጠችኝ፣ "ትምህርት ቤት አድርጊው" አለችኝ። ሁለት ዓመት አደረግኩት፣ ሶሉ እስኪያልቅ።

የዩዝ መሪያችሁ ዙም ላይ እኛ ሄደን ብርሃን እናበራለን ሲል ሰምቼዋለሁ፣ ከልቡ ነው ያለው፣ ልጁን እወደዋለሁ። ግን የሄድክበትን ሀገር ታሪክ እወቅ። ኤስ አይ ኤም የሚባለው የወንጌል ድርጅት ሚሽነሪዎች ሶዶ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1928 ነው፣ በ1937 ጣልያን ሲያስወጣቸው ወላይታ ውስጥ የነበሩት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። ከዛ እነ ዋንዳሮ፣ የወላይታ ወንጌላውያን፣ ተገርፈው ታስረው፣ ቤተ ክርስቲያኖች ፈርሰው፣ ፈረንጅ አንድም በሌለበት፣ ጣልያን ወጥቶ ሚሽነሪዎቹ ሲመለሱ ወደ 10 ሺህ አማኝ ጠበቃቸው። አያቴ ይሄን ሲያወራ "አንድ መጽሐፍ ለስንት መንደር ነበር የሚዞረው" ይል ነበር፣ ማንበብ የሚችለው ያነባል ሌላው በቃሉ ይይዛል። የወላይታ ወንጌላውያን ደሞ ከዛ ተነስተው በእግራቸው ወደ ጎፋ፣ ወደ ኣሪ ሄደው ቋንቋ ተምረው ለዓመታት ተቀምጠው ነው ያገለገሉት። ሚሽን እዛ ሀገር አዲስ ነገር አይደለም። ዳሞታ ተራራ ስር ያለች አንዲት አሮጊት ካንተ በላይ ጸልያለች፣ እንድትጸልይልህ ለምናት።

ክረምት ነው የምትደርሱት፣ ጭቃ ነው፣ ያ ቀይ ጭቃ ጫማህን ይይዘዋል፣ አውልቄ ልሂድ እንዳትል። ዳጣ ሲያቀርቡልህ ቀስ በል፣ ያቃጥላል። ቤት ሲጠሩህ ግባ፣ ቡና እስኪፈላ ቁጭ በል፣ ስኬጁል አለን ብላችሁ አትነሱ። ፎቶ ደሞ የእግር ፎቶ አታንሳ፣ ኢንስታግራም ላይ ስለምታወጣው ነገር ቲሙ ህግ አለው ብለኸኛል፣ እኔ ከዛ በላይ ነው የምጠይቅህ። አክስቴ ያንን እግር ሃያ ምናምን ዓመት ስትደብቅ ኖራለች።

አሁን ለብቻህ አንብበው ያልኩህ ጋ ደርሻለሁ። አክስቴ አንዲት ልጅ ነበረቻት፣ ከኔ በአንድ ዓመት ታንሳለች፣ አብረን ነው ያደግነው፣ አንድ ምንጣፍ ላይ ነው የተኛነው። ያን ጫማ አክስቴ ይዛ ስትመጣ እሷም እዛው ቆማ ነበር። አንድ ጥንድ ነው። እኔ ትምህርት ቤት ስለምሄድ ለኔ ተሰጠኝ፣ እሷ ማሳ ከእናቷ ጋር ስለምትውል በባዶ እግሯ ቀረች። ቅር ያላት አልመሰለኝም ነበር፣ ሶሉ እስኪያልቅ ስጫማው አብራኝ ትሄድ ነበር።

ባለፈው ወር ደወልኩላት፣ ልጄ እናንተ ጋ ሊመጣ ነው አልኳት፣ ደስ አላት፣ ከዛ የምትመጡት ለእግር በሽተኞች እንደሆነ ስነግራት ዝም አለች። ቆየችና "እህቴ፣ የኔም እግር ማታ ማታ ያቃጥለኛል" አለችኝ። ከጀመራት ቆይቷል፣ ረጅም ቀሚስ ታደርጋለች፣ ልጆቿም አያውቁም። ክሊኒኩ የታወቀ ስለሆነ እዛ ከገባሁ ሰው ያየኛል ልጄን የሚያገባት ይጠፋል ብላ ነው። ገና ሳይብስ ከተያዘ እብጠቱ ብዙ ይቀንሳል ብዬ ነገርኳት፣ አንቺ ነርስ ነሽ እንዴ አለችኝ፣ አይደለሁም አልኳት፣ እንጃ አለችኝ።

ቦዲቲ አካባቢ ናት፣ አድራሻዋን በፖስታው ውስጥ አድርጌልሃለሁ፣ ከሱ ጋር ያለው ብር ለጫማ ነው። ጫማውን ከዚህ ያልገዛሁት እግሯ መለካት ስላለበት ነው፣ እዛው በልክ የሚሰፉ ጫማ ሰሪዎች አሉ፣ ክሊኒኩን ጠይቅ። ከሚያጥቡት ሴቶች አንዷን ለምነህ ይዘሃት ሂድ፣ ቲሙን ሁሉ አስከትለህ አትሂድ፣ የቲሙን ቲሸርትም አታድርግ፣ ዘመድ ልትጠይቅ እንደሄደ ልጅ ሂድ፣ ነህ እኮ። ሳሙናና ቫዝሊን አስገብቼልሃለሁ፣ ሳፋ ግን ከገበያ ገዝተህ ሂድ፣ ትልቁን። መጀመሪያ ሳሮ በላት፣ ሰላም ማለት ነው በቋንቋችን። ከዛ እናቴ ልካኝ ነው በላት፣ ስለ ጫማው ነግራኛለች በላት። እሺ ካለችህ እጠባት፣ እሺ ካላለች ሳፋውን ትተህላት ቡና ጠጥተህ ተመለስና ሌላ ቀን ሂድ።

እዛ ስትደርስ ደውልልኝ የኔ ጌታ፣ እዚህ ሌሊት ቢሆንም አነሳለሁ፣ ሺፍት ላይም ብሆን ወጥቼ አነሳለሁ። በቪዲዮ ደውል፣ ካሜራውን ፊቷ ላይ አድርገው።

እናትህ