በከዋክብት ዙሪያ ያለው አቧራ አመድ ብቻ አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

በቅርቡ በሳይንስ ዓምዳችሁ የወጣው ጽሑፍ፣ ከዋክብትን የሚከበው ጋዝና አቧራ ኮከቡ ነዶ ሲያልቅ የሚተፋው ቅሪት መሆኑን ብቻ ገልጾ አልፏል። ይህ ለሚሞቱ ከዋክብት እውነት ነው፤ ለሚወለዱት ግን ተቃራኒው ስለሆነ፣ ጋዜጣችሁን ለተማሪዎቼ የማነብ መምህር እንደመሆኔ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ኮከብ የሚወለደው ቀዝቃዛ የጋዝና የአቧራ ደመና በራሱ ስበት ሲሰበሰብ ነው። ደመናው እየተሽከረከረ ስለሚጠብ ሁሉም ወደ መካከሉ አይገባም፤ የተረፈው በጨቅላው ኮከብ ዙሪያ ዝርግ ክብ ሠርቶ ይዞራል። አብዛኛው ሃይድሮጅንና ሂሊየም ሲሆን አቧራው ከመቶ 1 እጅ ገደማ ቢሆን ነው። ሆኖም እንደ ምድራችን ያሉ ፕላኔቶች የሚገነቡት ከዚያች ጥቂት አቧራ ነው፤ ቅንጣቶቹ እየተጋጩና እየተጣበቁ ጠጠር፣ ቀጥሎም ቋጥኝ እየሆኑ ያድጋሉ። በቺሊ በረሃ የሚገኘው አልማ የተባለው ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ2014 ኤችኤል ታውሪ የተባለውን ወጣት ኮከብ ሲያነሳ፣ በዙሪያው ብሩህ ቀለበቶችና በመካከላቸው የጠቆሩ ክፍተቶች ታይተዋል፤ ብዙ ተመራማሪዎችም ክፍተቶቹን በመፈጠር ላይ ያሉ ፕላኔቶች የጠረጓቸው ናቸው ይላሉ።

እኛ የሰሜን ሸዋ ሰዎች ደግሞ ልደቱንም ሞቱንም በአንድ ምሽት ማየት እንችላለን። በጥር ወር ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ከመንዝ ሜዳ ወደ ደቡብ ዞሮ ቀና ያለ ሰው፣ በቅዱሳት መጻሕፍት ስሙ የተጠራውን ኦሪዮን የተባለውን የከዋክብት ስብስብ በተደረደሩት ሦስት ከዋክብት ይለየዋል። ከሦስቱ በታች ደብዘዝ ያለች ግራጫ ነጥብ አለች፤ በባይኖኩላር ሲያዩዋት ዳርና ዳሯ እንደሳሳ ጭጋግ ትሆናለች። እርሷ 1,300 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቃ የምትገኝ የከዋክብት መወለጃ ደመና ናት። ከሦስቱ በላይ በስተግራ ያለው ቀላ ያለው ቤትልጁስ ግን ዕድሜው ወደ ማብቂያው የተቃረበ ኮከብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ድንገት ሲደበዝዝ ሊፈነዳ ነው ተብሎ ብዙ ተወራ፤ በኋላ እንደታወቀው ግን ከገጹ የወጣው ጋዝ ቀዝቅዞ አቧራ በመሆን ብርሃኑን ጋርዶት ነበር። የጣርማ በር ጉም የመኪና መብራት ሲሸፍን መብራቱ እንደማይጠፋ ሁሉ፣ ኮከቡም እዚያው ነበር።

ስለዚህ ዓምዱ የልደቱን ወገን የሚያብራራ ጽሑፍ ኦሪዮን በምሽት ከሚታይባቸው ከታኅሣሥና ከጥር ወራት በፊት እንዲያወጣልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የፊዚክስ መምህር፣ መሐል ሜዳ