የጋሼን ፎቶዎች አንድ ቦታ ሰብስባቸው

ይድረስ ለምወድህ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንዴት ነህልኝ? ባለቤትህና ልጆቹስ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እኔ አሁንም አራት ኪሎ ነኝ። ብዙ ጊዜ ተጠፋፍተናል፤ ስምህ ከቤታችን ግን ጠፍቶ አያውቅም።

ሰሞኑን እህትህን ፒያሳ አግኝቻት ቡና ጠጣን። የጋሼን ፎቶዎች በሙሉ ስካን አድርገህ እንደጨረስክ ስትነግረኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። ቀጥላ የነገረችኝ ግን አሳሰበኝ። ግማሹ ዴስክቶፑ ላይ ነው፣ ግማሹ ባለቤትህ ላፕቶፕ ላይ፣ የቀረው ደግሞ ልጆቹ የሚያጠኑበት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ። በፍላሽ ታመላልሳለህ አሉ። ጋሼ ጊዮርጊስ ጋ፣ ምኒልክ ሐውልት ሥር የተነሳው ፎቶ ሦስቱም ላይ አለ፤ የሠርጉ የት እንደገባ አይታወቅም። ጋሼ ለእኔም አባት ነበር። ሰምቼ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

«ኢንተርኔታቸው ደካማ ስለሆነ ነው» አለችኝ። ወንድሜ፣ ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግህም! ኮምፒውተሮቹ አንድ ራውተር (ዋይፋይ የሚያሰራጨው ሳጥን) ላይ ካሉ እርስ በርሳቸው ይገናኛሉ። ከጓዳ ወደ ሳሎን ለመሄድ አስፋልት መውጣት የለብህም አይደል? ይሄም እንደዚያው ነው። ፋይሉ ከቤት አይወጣም፣ ጥቅልህን አይበላም፣ መስመር ቢቋረጥም ሥራው አይቆምም። ራውተሩ መብራት ካገኘ በቂ ነው።

ዴስክቶፑን ዋና አድርገውና ከራውተሩ ጋር በኬብል አገናኘው። ዋይፋይም ይሠራል፤ ብዙ ፎቶ ስታዘዋውር ግን ኬብል ይሻላል። የራውተሩ ቀዳዳ የ100 ሜጋቢት ከሆነ 10 ጊጋባይት በሩብ ሰዓት ገደማ ያልፋል። ጊጋቢት ከሆነና ዲስኩ ፈጣን ከሆነ ሁለት ደቂቃ እንኳ ላይሞላ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፦ ዊንዶውስ የቤትህን ኔትወርክ «ፐብሊክ» ብሎ ይዞት ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ኮምፒውተሩ ራሱን ይደብቃል። በሦስቱም ላይ «ፕራይቬት» አድርገው፤ ከዚያ «ኔትወርክ ዲስከቨሪ» እና «ፋይል ኤንድ ፕሪንተር ሼሪንግ» የሚሉትን አብራ። አንዱ ላፕቶፕ የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ከሆነም ሌሎቹን ላያይ ይችላል፤ እሱንም እየው።

ከዚያ ለፎቶዎቹ አንድ ፎልደር ክፈትና እሱን ብቻ ሼር አድርግ። ሙሉውን ዲስክ እንዳታደርገው፣ አደራ። ዴስክቶፑ ላይ ለልጆቹ ፓስዎርድ ያለው ሌላ አካውንት ክፈትላቸውና ማየት ብቻ ፍቀድላቸው። ይህን የምለው ልጆቹን ሳላምን ቀርቼ አይደለም። በኔትወርክ ገብተህ ያጠፋኸው ፋይል ሪሳይክል ቢን ውስጥ አይገባም፤ ባንዴ ይጠፋል። የጋሼ ፎቶ በአንድ ክሊክ ሲሄድ ማሰብ አልፈልግም።

ከላፕቶፕ ለመግባት የፋይል መስኮቱ አድራሻ ላይ ሁለት ወደ ኋላ ያዘነበለ ሰረዝ (\\)፣ ቀጥሎ የዴስክቶፑን ስም ጻፍ። ፓስዎርድ ሲጠይቅህ ፒን አይቀበልህም፤ የአካውንቱን ፓስዎርድ ነው የሚፈልገው። በስም እምቢ ካለ በአይፒ አድራሻው፣ ማለትም ኔትወርኩ ላይ ባለው መለያ ቁጥሩ፣ ሞክር። ያ ቁጥር እንዳይቀያየር ራውተሩ ላይ ለዴስክቶፑ ልትመድብለት ትችላለህ። ዴስክቶፑ እንቅልፍ ከገባም ከኔትወርኩ ስለሚጠፋ «ስሊፕ»ን አጥፋው። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ካለህ ደግሞ ለእሱና ለራውተሩ ስጣቸው።

ሰው ብዙ ምክር ይሰጥሃል። «ሆምግሩፕ ክፈት» የሚልህ ካለ፣ ያ የድሮ የዊንዶውስ ፋይል መጋሪያ ከዊንዶውስ 10 ላይ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቷል። «ኤስኤምቢ 1ን አብራው» የሚልህን ግን በጭራሽ አትስማ። ዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ፋይል የሚለዋወጡበት መንገድ ኤስኤምቢ ይባላል፤ 1 የድሮው ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የተዛመተው በኤስኤምቢ 1 የደህንነት ክፍተት ነበር። የሰው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ነው። ዊንዶውስ 7 እንኳ ከዚያ የተሻለውን ስለሚችል ምንም አትቸገርም። ባለቤትህ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ካለም ሳምባ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሁለቱን ያግባባቸዋል።

አንድ ነገር ልድገምልህ። ሼር ማድረግ ማለት ሁለተኛ ቅጂ አለህ ማለት አይደለም። የዴስክቶፑ ዲስክ ከተበላሸ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። ኤክስተርናል ዲስክ ግዛ፣ ሁሉንም ገልብጥ፣ ከዚያ ነቅለህ አስቀምጥ። ቫይረስ ቢገባ ያልተሰካ ዲስክ አይደርስበትም። ከተቻለ ሌላ ቅጂ እህትህ ጋ ይቀመጥ።

ቅዳሜና እሑድ ቤት ነኝ፤ ስትጀምር ደውልልኝና በስልክ እያየን እንሠራዋለን። እስከዚያው የአሮጌው ላፕቶፕ ዊንዶውስ ስንት እንደሆነ ጻፍልኝ። ኤክስፒ ከሆነ የሚያውቀው ኤስኤምቢ 1ን ብቻ ስለሆነ ሼሩ ውስጥ አናስገባውም፤ ያለውን ፎቶ አውጥተን ልጆቹን ሌላ ላይ እናስቀምጣቸዋለን።

እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

የሁልጊዜ ወዳጅህ
ከአራት ኪሎ