«ይሄማ አማርኛ ነው!» — የደች ቋንቋ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

«የአማርኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ደች ምን ይሠራል?» ዓመቱን የጀመርነው በዚህ የወላጆች ጥያቄ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን በቅርቡ ከአገር ቤት ወደ ኔዘርላንድ የመጡትን ልጆች አማርኛ አይቸግራቸውም። ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብተው ዝም የሚያሰኛቸው የአገሩ ቋንቋ፣ ደች ነው። ክበቡም የተቋቋመው ለእነሱ ነው።

መስከረምና ጥቅምት በምዝገባና በክፍል ፍለጋ አለቁ። ከዚያ ወደ ቅጽል ገባን። ደች ስሞቹን «ደ» እና «ሄት» ብሎ ለሁለት ይከፍላል። ቤት የ«ሄት» ወገን ስለሆነ አንድ ትልቅ ቤት «እን ኽሮት ሆይስ» ነው፤ ትልቁ ቤት ሲባል ግን «ሄት ኽሮተ ሆይስ» ይሆናል። ያቺ መጨረሻ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ድምፅ ወር ሙሉ በላችብን። በቃላት ምርጫም ተቸግረናል። እኛ «አውቃለሁ» ብለን የምንገላገለውን እነሱ ለሁለት ይከፍሉታል፤ ሰው ማወቅ «ኬነን»፣ አንድን ጉዳይ ማወቅ «ዌተን» ነው።

የዓረፍተ ነገር ቅደም ተከተል ላይ ስንደርስ ግን ልጆቹ ፊታቸው በራ። በተለመደው ዓረፍተ ነገር የደች ግስ ሁለተኛ ቦታ ላይ ይቆማል። «ኦምዳት» («ምክንያቱም» እንደማለት ነው) ብሎ ምክንያት መናገር ሲጀመር ግን ግሱ ወደ መጨረሻ ይሄዳል። «ይሄማ አማርኛ ነው!» አለ አንዱ። እውነቱን ነው።

የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ዴንሃግ ከተማ፣ ሃኽሰ ማርክት የሚባለው ገበያ ወጣን። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ አለችን፤ ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን የሰማ የለም ማለት ይቻላል። ሽንኩርት ሻጩ ጋ ቀርባ አፏን ስትከፍት፣ እንደለመዱት በእንግሊዝኛ ጀመራት። እሷ ግን አልለቀቀችም። «ኢክ ዊል ኽራኽ ትዌ ኪሎ ሮደ አውየን፣ ኦምዳት ሜይን ሙደር ሞርኸን ዶሮ ወጥ ማክት» አለችው። ሁለት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ እናቴ ነገ ዶሮ ወጥ ስለምትሠራ። የ«ሮደ» ጭራ በቦታዋ፣ ግሱም መጨረሻ ላይ። እናት፣ ነገ፣ ዶሮ ወጥ፣ መሥራት፤ የቃላቱ ተራ ልክ እንደ አማርኛችን ነው። ሰውየው በደች መለሰላትና መዘነላት። ትራም ላይ ከረጢቱን ላግዝሽ ብላት እምቢ አለች። ጭኗ ላይ አድርጋው ቤቷ ደረሰች።

የተሰናከልንበትም አለ። ጥር ላይ ክፍላችን ለሌላ ተሰጥቶ ሦስት ቅዳሜ ኮሪደር ላይ ተማርን። ሁለት ልጆች ቤተሰባቸው ሌላ ከተማ ቤት አግኝቶ ተለዩን። ለ14 ተማሪ ያለን አንድ መዝገበ ቃላት ነው። ፎቶ ኮፒውን መምህራኑ ከኪሳችን ነው የከፈልነው። ለበዓል አዳራሽ ኪራይ በየዓመቱ እናዋጣለን፤ ከዚያ ላይ ትንሽ ቢቀነስ የእኛን ዓመት ይሸፍናል።

የወላጅ ኮሚቴው ከመስከረም በፊት ቋሚ ክፍልና አምስት መዝገበ ቃላት እንዲፈቅድልን እንጠይቃለን። ለሚመጣው ዓመት ከአሁኑ 9 አዳዲስ ልጆች ተመዝግበዋል።