ዘንድሮ መጎንበስ የለም

ውድ እማዬ፣

እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? «ደህና ነኝ» የምትዪውን ትቼ እህቴን ጠይቄያለሁ፤ ስለዚህ አትደብቂኝ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። በስልክ ስናወራ ጨዋታው ሁሌ ስለ መድኃኒትና ስለ ሐኪም ቀጠሮ ይሆንና ጓሮው ሳይነሣ ይቀራል። ለዚያ ነው ዛሬ በጽሑፍ የመጣሁብሽ።

ብርዱ በስንት ልመና ለቀቀ። ጠዋት አሁንም ሹራብ ያስለብሳል። ረፋዱ ላይ ግን ፀሐዩ ጀርባ ላይ ሲያርፍ ወደ ቤት መግባት ያስጠላል። ሥራ እንደሌለው ሰው ሻዬን ይዤ ደጅ እቀመጣለሁ። ወፎቹም ገና ሳይነጋ ይጀምራሉ። በአብዛኛው ወንዶቹ ናቸው የሚዘምሩት፤ «ይህ ሰፈር የእኔ ነው» ለማለትና ሚስት ለመጥራት። ለእኛ ግን እንቅልፍ አላስተረፉልንም።

መጀመሪያ የምትጠይቂኝን ልንገርሽ። ጽጌረዳሽ አልሞተም! ደረቅ እንጨት መስሎ ነበር የከረመው። አንቺ እንደምታደርጊው ቅርፊቱን በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ውስጡ እርጥብ አረንጓዴ ነው። አሁን በየአንጓው ላይ ምስር የሚያህል ቀይ እምቡጥ ወጥቷል። አንዳንዱ ተከፍቶ ቅጠሉ ብቅ ብሏል፤ ዳር ዳሩ ገና ቀላ እንዳለ ነው። ውስጣቸው ቡናማ ሆኖ የደረቁትን ቅርንጫፎች ቆርጬ ጣልኩ። የቀረውን ወደ ውጭ ከሚያይ እምቡጥ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብዬ፣ ሰያፍ አድርጌ ከረከምኩት፤ መሀሉ አየር እንዲያገኝ። ስትመጪ እንከን እንደምታወጪለት አውቃለሁ።

ቱሊፖቹም ከመሬት ወጥተዋል። ያንን ብርድ እኛ ስንረግመው ከረምን፣ ለእነሱ ግን ያስፈልጋቸው ነበር። ቱሊፕ ለብዙ ሳምንታት በደንብ ካልበረደው አበባው አያምርም። አበባው ሲረግፍ ቅጠሉ ራሱ እስኪደርቅ ማንም አይነካውም፤ ለከርሞ የሚሆነውን ስንቅ ወደ ታች የሚያወርደው እሱ ነው። ልጆቹን ከወዲሁ አስጠንቅቄያለሁ።

ትናንት ደግሞ አንዲት ወፍራም ጸጉራም ንብ መጣች። ንግሥቲቱ ናት። የዚህ ዓይነት ንብ ሌላው ቤተሰብ ብርድ ሲገባ ያልቃል፤ አዲሷ ንግሥት ብቻዋን አፈር ውስጥ ተደብቃ ትከርምና በፀደይ አዲስ ጎጆ ትመሠርታለች። ደረቁ ሣር ውስጥ ትገባለች፣ ትወጣለች፣ አልፈለገችውም መሰለኝ ሌላ ቦታ ትሞክራለች። ቤት የሚከራይ ሰው እንኳ እንዲህ አያማርጥም። የአምናውን ደረቅ አገዳ ገና ያላነሣሁትም ለዚሁ ነው፤ ውስጡ የተኙ ነፍሳት አሉ። ጎረቤታችን «ጓሮህ ተዝረከረከ» ይለኛል። ይበል።

ቁፋሮ አልጀመርኩም። አፈሩን ጨበጥ አድርጌ ስለቀው አይፈረፈርም፤ ገና ውኃው አልጠፈፈለትም። አሁን ብረግጠው ይጠቀጠቅና ሥር አያሳልፍም። አተር ቅዝቃዜ ስለሚችል ትንሽ ጠፈፍ ሲል እዘራዋለሁ። ቲማቲም ግን አይታሰብም። አንድ ሌሊት ውርጭ ከመጣ አለቀለት። ችግኙ መስኮት ዳር ፀሐይ ይሞቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። «ጓሮ ከእንግዲህ በቃኝ» ብለሻል አሉ። እማዬ፣ ይሄን አልቀበልም። የበቃሽ መጎንበሱ ነው እንጂ ጓሮው አይደለም። ስለዚህ ግድግዳው ሥር፣ ፀሐይ የሚያገኘው ጋ፣ ከፍ ያለ መደብ እየሠራሁልሽ ነው። ቁመቱ 70 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ወንበር ላይ በጎን ተቀምጠሽ ትደርሽበታለሽ። ወርዱን 60 ብቻ አደረግሁት፤ በአንድ በኩል ብቻ ስለምትሠሪ ከዚያ ከሰፋ እጅሽ ዳር አይደርስም። ሥሩ ክፍት ነው፣ ውኃ አይቋጥርም። ሁሉንም በአፈር ልሙላው ብል ወገቤ አይተርፍም፤ ከታች ቅርንጫፍና ቅጠል ጠቅጥቄ ከላይ አፈርና ብስባሽ አደርግበታለሁ። ከጊዜ በኋላ ዝቅ ይላል፤ ያኔ እንጨምራለን። ከመሬቱ ይልቅ ቶሎ ይደርቃል፤ ስለዚህ ውኃ ማጠጣቱ የልጆቹ ሥራ ነው። ማዘዙ ደግሞ የአንቺ። እሱን መቼም አይደክምሽም!

ምን እንደሚተከልበት አንቺ ወስኚ። እኔ ሰላጣና ካሮት ብያለሁ፤ ልጅቷ አበባ ካልሆነ ብላ አኩርፋለች። ጣውላው ስለተቆረጠ እምቢ ማለት አይሠራም። ስትመጪ ጓንትሽን ይዘሽ ነይ፤ እዚህ ያሉት ላንቺ ይሰፉሻል።

የሚወድሽ ልጅሽ