የስኬትቦርድ ሥራ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበቡ ዓመቱን በሁለት ሥራ ከፍሎታል። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት እንጨት የማጣበቅና የመጫን፣ ሁለተኛው በተሠራው ሰሌዳ ላይ በስክሪን ፕሪንት፣ ማለትም ቀለምን በተወጠረ መረብ አሳልፎ፣ የማተም ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ «አዲስ ስኬትፓርክ» የተባለው የስኬትቦርድ ሜዳ በ2008 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ልጆች መጫወቻ ቦታ አግኝተዋል፤ ሰሌዳው ግን ከውጭ የሚመጣ ነው፣ ሲሰበር ምትክ ማግኘት ይቸግራል። ስለዚህ አሠራሩን በቤቱ መሞከር የሚፈልግ ተማሪ ወይም ወላጅ እንዲጠቀምበት ዘርዘር አድርገን ጽፈነዋል።

የስኬትቦርድ ሰሌዳ፣ ማለትም ከጎማዎቹ በላይ ያለው የሚቆሙበት እንጨት፣ አንድ ወጥ ጣውላ አይደለም። የፋብሪካው ሰሌዳ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 ስስ የሜፕል ቅጠሎች ይነባበራል፤ የአንዱ ቅጠል ውፍረት 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የአምስቱ ጅማት ወደ ርዝመቱ ይሄዳል፣ 3ኛውና 5ኛው ግን አግድም ይገባሉ። ወደ ርዝመቱ የሄዱት ክብደት ይሸከማሉ፤ አግድሞቹ ደግሞ ሰሌዳው በቁመቱ እንዳይሰነጠቅ ይይዛሉ። ሜፕል ከሰሜን አሜሪካ የሚመጣ እንጨት ስለሆነ ለመለማመጃ የተያዘው 3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ነው፤ አራት ቁራጭ ተነባብሮ 12 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ ከሜፕሉ ይከብዳል፣ መታጠፍም አይወድም፤ ስለዚህ የጭራው፣ ማለትም ወደ ላይ የሚታጠፈው ጫፍ፣ መነሳት ዝቅ ማለት አለበት። ሲገዛ ጠርዙን ዙሪያውን ማየት ነው። መሀሉ ላይ ክፍተት የሚታይበት ኮምፔንሳቶ ርካሽም ቢሆን አይወሰድ፤ ሰሌዳው የሚሰበረው እዚያው ክፍተቱ ላይ ነው።

ቅርጹን የሚሰጠው ፎርማ ከሲሚንቶ ሊወጣ ይችላል። ያረጀ ግን ያልተጣመመ ሰሌዳ በስስ ላስቲክ ይጠቀለልና በአንድ ሲሚንቶ ሁለት አሸዋና ሁለት ደቃቅ ጠጠር፣ ውስጡ ፌሮ ገብቶበት፣ በመጀመሪያ ከታች፣ እሱ ሲጠነክር ከላይ ይፈሰሳል። ውኃ እየጠጣ 28 ቀን ካልቆየ ጭነት አይችልም፤ በሳምንቱ የተጫነ ፎርማ አንገቱ ላይ፣ ማለትም ጭራው መነሳት በሚጀምርበት፣ ይሰነጠቃል።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የወሰደው የግፊት ጉዳይ ነው። በቤት ውስጥ ለሚሠሩ ሰዎች በብዛት የሚመከረው የቫኪዩም ከረጢት ነው፤ አየሩ ከከረጢቱ ይወጣና የውጭው አየር እንጨቱን በፎርማው ላይ ይጫነዋል። ነገር ግን የሚጫነው አየር እስካለ ድረስ ነው። በባሕር ወለል ከፍታ 25 በ84 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሰሌዳ ላይ 2.1 ቶን ገደማ ያርፋል። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ አንድ አራተኛ ያህል ስለሚሳሳ 1.6 ቶን ብቻ ይቀራል። ለ1.5 ሚሊ ሜትር ቅጠል ይበቃ ይሆናል፤ ለ3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ግን አይበቃም፣ አንገቱ ላይ ሳይጣበቅ ይቀራል። የፊዚክስ ክፍላችን ተማሪዎች ይህንን ስሌት ራሳቸው ሠርተው ማሳየታቸው ሊመሰገን ይገባል። መፍትሔው በተበየደ የብረት ፍሬም ውስጥ የሚገባ 20 ቶን የመኪና ክሪክ ነው። ክሪኩና ፎርማው መካከል ወፍራም የብረት ሳህን ካልገባ ግፊቱ አንድ ነጥብ ላይ ይወድቅና ሲሚንቶው ይፈነዳል። በሚጫንበት ጊዜ ማንም ከፍሬሙ ፊት ለፊት አይቆምም።

ኮላው ውኃ የሚቋቋም የአናጺ ኮላ ይሁን። ለሰባት ቅጠል ሰሌዳ 230 ግራም፣ ለአራት ቁራጭ ኮምፔንሳቶ 115 ግራም ገደማ ይበቃል፤ በሮለር በስሱ ይቀባል። የበጋው አየር ደረቅ ስለሆነ በ10 ደቂቃ ውስጥ ፎርማው መዘጋት አለበት፤ ለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፣ አንዱ ይቀባል ሌላው ይነባብራል። ክሪኩ ከተጫነ በኋላ ኮላው በጠርዙ ዙሪያ እንደ ጤዛ ጠብታ ተከታትሎ መውጣት አለበት። ጠብታ የሌለበት ቦታ ደረቅ ቀርቷል ማለት ነው። ከ10 ደቂቃ በኋላ ኮላው ሲወጣ ግፊቱ ስለሚረግብ ክሪኩ እንደገና ይመታል፤ ሌሊቱን እንዳይወርድም ፍሬሙ በብሎንና ዳዶ ይታሰራል። በማግስቱ ሰሌዳው ይወጣል፣ ነገር ግን ሌላ ሙሉ ቀን ሳያርፍ አይቆረጥም። ከዚያ በጣት ጉጥ ማንኳኳት ነው፦ በደንብ የተጣበቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ያልያዘው ቦታ ላይ ድምፁ ይታፈናል።

ቀዳዳዎቹ ሰሌዳው ከመቆረጡ በፊት ይበሳሉ። የትራክ (ጎማዎቹን ከሰሌዳው ጋር የሚያያይዘው ብረት) ቀዳዳዎች በወርድ 41.3፣ በርዝመት 54 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፤ ከፊቱ ትራክ የውስጥ ቀዳዳ እስከ ኋላው 36 ሴንቲ ሜትር ነው። በ5 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ፣ ከሥር ቁራጭ እንጨት ተደግፎ ይበሳል፤ አለዚያ የታችኛው ገጽ ይላጣል። ከዚያ በጂግሶ መጋዝ ይቆረጥና በሞረድ፣ በ80፣ በ120፣ በ220 ብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ጠርዙ ሁለት ጊዜ ቨርኒሽ ካልጠጣ ውኃ ይገባበታል፤ ሰሌዳው በቅጠሉ መለያየት የሚጀምረውም ከዚያ ነው።

ወደ ማተሙ ስንመጣ፣ ችግሩ የሰሌዳው ሆድ ጎበጥ ያለ መሆኑ ነው። ጠፍጣፋ ስክሪን የሚነካው መሀሉን ብቻ ነው፤ ወደ ዳር ሲገፋ ስዕሉ ይደበዝዛል። ፋብሪካዎች አብዛኞቹ ይህን ትተው በሙቀት ወደሚለጠፍ ፊልም ዞረዋል። በእጅ ለሚሠራ ግን የፍሬሙን ሁለት አጫጭር ጎኖች በሰሌዳው ጉብታ ልክ ቀርጾ መረቡን በእነዚያ ብቻ መወጠር፣ ረጃጅሞቹን ጎኖች ነፃ መተው ነው። ቀለሙን በመረቡ ላይ የሚገፋው የስኩዊጂው ጎማም በዚያው ልክ ይቆረጣል፤ በርዝመቱ ይጎተታል። የሚታተመው በሁለቱ ትራኮች መካከልና በቀዳዳዎቹ ላይ ያለው 47 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ጭራው ላይ መረቡ አይደርስም። መረቡ በሴንቲ ሜትር 43 ክር ያለው ቢሆን ጥሩ ነው።

መረቡ ላይ የሚቀባው፣ ብርሃን ሲነካው የሚጠነክረው ኢማልሽን በውኃ ቀለም የማይፈታ መሆኑ ይረጋገጥ፤ አለዚያ ከጥቂት ሰሌዳ በኋላ ስዕሉ ጠርዙን ይለቃል። በጨለማ ክፍል ከደረቀ በኋላ ስዕሉ ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ላይ በጥቁር ታትሞ፣ በመስታወት ተጭኖ፣ ፀሐይ ላይ ይወጣል። ጊዜው እንደ ኢማልሽኑ ይለያያልና መጀመሪያ በትንሽ ቁራጭ ላይ በየ30 ሰከንዱ እየሸፈኑ መለካት ይገባል። ያነሰው ሲታጠብ አብሮ ይሄዳል፤ የበዛው ቀጫጭን መስመሮችን ይደፍናል።

በየካቲትና በመጋቢት ደረቅ አየር ቀለሙ መረቡ ውስጥ ቶሎ ይደርቃል። ከእያንዳንዱ ኅትመት በኋላ ሳይጫኑ ቀለሙን መረቡ ላይ አልብሶ መተው ብዙ ያድናል። ከሥሩ ያለው ቨርኒሽ በ320 ብርጭቆ ወረቀት ካልተሻከረ ቀለሙ በጥፍር ይነሳል። ሁለት ቀለም ከሆነ ፈዛዛው ይቀድማል። ከላይ የሚሸፍነው ቨርኒሽ ከ24 ሰዓት በኋላ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ ሳይመላለሱበት ይቀባል፤ የተመላለሰ ብሩሽ ቀለሙን ይዞ ይሄዳል።

የተረፈው ኮምፔንሳቶ ለክረምቱ ከወለል ከፍ ብሎ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ከላይ ክብደት ተጭኖበት ቤተ ሙከራው ውስጥ ተቀምጧል፤ በእርጥበት ከተጣመመ መስከረም ላይ ፎርማው አይገባም። አዲስ አባላት የሚመዘገቡት ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት ነው።